ይበቃል የተባለው ዘይት

መርከቡ ወደብ በገባ ቁጥር ሞተሩ እስኪበርድ ይጠበቅና ሁለተኛው መሐንዲስ በሆዱ ተስቦ ከሲሊንደሮቹ ሥር ወዳለው የአየር ክፍል ይገባል። ውስጡ ጥቀርሻና የተቃጠለ ዘይት ብቻ ነው፤ ቀና ብሎ መቀመጥ አይቻልም። በጀርባው ይጋደምና በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች በኩል በእጅ ባትሪና በትንሽ መስታወት ወደ ላይ ይመለከታል። ውጭ ያለው ዘይት አጠጪ ሞተሩን በቀስታ ሲያዞረው ፒስተኑ ከጨለማው ይወርዳል፤ የከበቡት ቀለበቶችም አንድ በአንድ በቀዳዳዎቹ ፊት ያልፋሉ።

ዋናው መሐንዲስ በሩ ላይ ቁጢጥ ብለው ይጠይቃሉ።

«ምን ያሳይሃል?»

«እርጥብ ነው፣ ቺፍ።»

«እርጥብ ስንል? እንደ ምን?»

«እንደ ውሻ አፍንጫ።»

«የጤነኛ ነው የታማሚ?»

«የጤነኛ።»

«በጣትህ እሸው። ምን ይላል?»

«ይንሸራተታል። አሸዋ የለውም።»

«በል ውጣ። ፊትህን ሳትታጠብ እቤት እንዳትሄድ፤ ልጄ የባሏ መልክ ይጠፋታል።»

ልጃቸው የሁለተኛው መሐንዲስ ሚስት ናት። ልጅቷን ለትዳር ሊጠይቃቸው የሄደ ቀን ዋናው ሻያቸውን እያማሰሉ፣ «ልጄን ቀለበት ከማሰርህ በፊት የስድስቱንም ሲሊንደር ቀለበት ጠርገህ አሳየኝ» አሉት። ቀልድ መስሎት ሳቀ። ቀልድ አልነበረም። የዚያን ሳምንት ስድስቱንም ጠርጎ አሳያቸው፤ በሠርጉ ላይም ይህንኑ ለእንግዳው ሁሉ ሲያወሩ ዋሉ። ከዚያ ወዲህ በመርከብ ላይ ቺፍ፣ በቤት ውስጥ ደግሞ አባባ ይላቸዋል። አንድም ቀን አምታቶት አያውቅም።

አሁን የሚጓዙት የዋናው የመጨረሻ ጉዞ ነበር። ሲመለሱ ጡረታ ይወጣሉ፤ ወንበሩም ለሁለተኛው እንደሚሰጥ የኩባንያው ቢሮ በቃል ነግሮታል። ሚስቱ ከአባቷ ቤት ፎቅ ላይ ካለችው አንዲት ክፍል የሚወጡበትን ቀን መጠበቅ ከጀመረች ቆይታለች። «የራሴ በር፣ የራሴ ቁልፍ» ትላለች። «ቆልፌ፣ ከውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ማንም ሲያንኳኳ የለንም እላለሁ።» ዋና መሐንዲስ መሆን ለእሱም ከዚህ ያልተናነሰ ነገር ነበር። ትምህርቱን የጨረሰው፣ ባሕሩን የለመደው፣ ጥቀርሻውን የዋጠው ለዚህ ነው።

ጣጣውን ያመጣው የሲሊንደር ዘይት ነው።

እንዲህ ያለ ትልቅ ሞተር በሲሊንደሩ ውስጥ የሚረጨው ዘይት እንደ መኪና ዘይት እየዞረ አይመለስም። በየጥቂት ዙሩ አንድ ጉንጭ የማትሞላ ዘይት ግድግዳው ላይ ትረጫለች፤ ሥራዋን ሠርታ እዚያው ትሞታለች። ብረትና ብረት እንዳይነካካ በመሃል ትገባለች፤ ከነዳጁ የሚወጣውን አሲድም ታመክናለች። ካነሰች ብረት ብረትን ይበላል። ከበዛች ደግሞ ትቃጠልና ድንጋይ የመሰለ ቅርፊት ሆና ፒስተኑ ራስ ላይ ትለጠፋለች፤ ቅርፊቱ ግድግዳውን እየፋቀ ያችኑ ዘይት ይጠርጋታል፤ አሁንም ብረት ብረትን ይበላል። ዘይት አጠጪው፣ ከአፉ ወሬ ስለማይጠፋ መርከቡ ሁሉ ሬዲዮ የሚለው ሰውዬ፣ «አማት ናት» ይል ነበር። «ካልመጣች ቅሬታ ነው፤ መጥታ ከቆየች ቤት ይፈርሳል።»

የየብሱ ቢሮ ዘይቱ በዝቷል፣ ቀንሱ አለ። ቢሮው ያለ ነገር አላለም፤ ነዳጁ ተለውጦ አሲዱ ቀንሷል፣ ፒስተኖቹም ላይ ቅርፊት መታየት ጀምሯል። ዋናው ግን ስድስቱንም በአንዴ አልነካም አሉ። በአራተኛው ሲሊንደር ላይ ብቻ አንድ ደረጃ ይቀነሳል፤ ወደብ ሲገባ ተገብቶ ይታያል፤ ደህና ከሆነ ሌላ አንድ ደረጃ። እንዲህ እያሉ ሁለት ጊዜ ወረዱ። ሁለቱንም ጊዜ የውሻው አፍንጫ ጤነኛ ነበር።

ለሦስተኛው ደረጃ ግን አልተስማሙም። ሁለተኛው ከሲሊንደሩ ሥር የሚንጠባጠበውን ያገለገለ ዘይት እየሰበሰበ ስንት ብረት እንዳለበት ይለካል። ብረቱ ትንሽ ነው። «ገና መውረጃ አለን» አለ።

«ብረቱ ዛሬ ትንሽ ነው» አሉ ዋናው። «የነገውን ዛሬ አይነግርህም።»

«ነገንማ ማን ይነግረናል፣ ቺፍ?»

«ማንም። ለዚህ ነው ቀስ የሚባለው።»

ነገሩ በዚሁ ተንጠለጠለ። አልከለከሉትም፤ አልፈቀዱለትምም።

ሌላም ነገር ነበር። የዋናው ዓይን ሞራ ለብሷል። ሰውን በአረማመዱ ይለያሉ፣ ሞተሩን በድምፁ ያውቁታል፤ ስክሪን ላይ ያለ ቁጥር ግን ጉንዳን ሲርመሰመስ ነው የሚመስላቸው። በየዓመቱ ሐኪም ቤት የሚነበበውን የፊደል ሰሌዳ ከላይ እስከ ታች በቃላቸው ይዘውታል። በመርከቡ ላይ ይህን የሚያውቀው ሁለተኛው ብቻ ነው። ያወቀውም ማንም ሳይነግረው ነው። ዋናው በየጊዜው ወንበራቸው ላይ ደገፍ ብለው ዓይናቸውን ይጨፍኑና፣ «በል ቁጥሩን ዝፈንልኝ» ይሉታል። እሱም የየሲሊንደሩን ሙቀት፣ ግፊትና ዘይት እንደ ዘፈን ግጥም ይወርድላቸዋል። ሌላው ሰው የሽማግሌ ቀልድ ይመስለዋል። ሁለተኛው ቀልዱን አላፈረሰባቸውም። ለራሳቸውም ቢሆን አንስቶባቸው አያውቅም፤ አንድ ጉዞ ነው የቀረው፣ ይለፍ ብሎ።

የሞተር ክፍሉ ደግሞ አንድ የማይሻር ሕግ ነበረው። በስልክ የተነገረን ትእዛዝ የሰማ ሰው ቃል በቃል መልሶ ይናገራል። ዋናው በወጣትነታቸው አብሯቸው ይሠራ የነበረ ሰው «አታዙር» ያለውን ሌላው «አዙር» ብሎ ሰምቶት ጣቶቹን አጥቷል። ስለዚህ ስልክ አንስተው ትእዛዝ በሰጡ ቁጥር፣ «ቃሌን መልስልኝ» ይላሉ። ሰሚው ይመልሳል። የተመለሰው ቃል የራሳቸው ከሆነ ይዘጉታል። በዚህ ሕግ አንድም ሰው እንዳልተጎዳ ይናገሩ ነበር፤ እውነትም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ነው። ባሕሩ ጎርበጥ ብሎ ሞተሩ ይጮኻል። ሁለተኛው ላይኛው መተላለፊያ ላይ፣ ከአራተኛው ሲሊንደር አጠገብ፣ የዘይት ፓምፑን መቆጣጠሪያ ከፍቶ ቆሟል። የዕለቱን ዘይት ለክቶ ብረቱን ትንሽ ሆኖ አገኘው። ራሱን ስልኩ ከተሰቀለበት ድምፅ መከላከያ ሣጥን ውስጥ አስገብቶ ደወለ።

«ቺፍ! አራተኛው ላይ አንድ ደረጃ ልቀንስ ነው! ይበቃዋል?»

ታች፣ መቆጣጠሪያው ክፍል ውስጥ፣ ሬዲዮ ስለ አንድ ጎረቤቱ ፍየል እያወራ ነበር። ዋናው በአንድ እጃቸው እሱን ዝም በል አሉት። «አራተኛው ላይ አንድ ደረጃ ልቀንስ ነው» የሚለው ደረሳቸው። ጥያቄዋን ሞተሩ ዋጣት።

«ይበቃል!» አሉ። ተው፣ እስካሁን የቀነስከው ይበቃል ማለታቸው ነው።

ሁለተኛው ዘይቱ ይበቃዋል ያሉ መሰለው።

«ቃሌን መልስልኝ!»

«ይበቃል!»

«እንዲያ ነው» አሉና ዘጉ።

ሕጉ ተከብሯል። ቃሉ ሳይጎድል ሳይጨምር ተመልሷል። አንዱ የታዘዘውን ፈጽሜያለሁ ብሎ ደረጃውን ቀነሰ፤ ሌላው ሰሚ ልጅ አለኝ ብለው ወንበራቸው ላይ ተደገፉ። የአራተኛው ቁጥር ስክሪኑ ላይ ዝቅ ብሎ ታየ። በተራው ላይ የነበረው መሐንዲስ አየውና የሙከራው ነው ብሎ አለፈው። ዋናው ስክሪኑ ፊት ለፊት ነበሩ። ራት ላይ አማትና አማች አንድ ጠረጴዛ ቀርበው ልጅቷ ስለምትመኘው ቤት አወሩ። «መስኮቱ ወደ ባሕር እንዳይሆን» አሉ ዋናው። «ባሕሩን በነጻ ጠግበነዋል።»

በማግሥቱ ጠዋት የአራተኛው ግድግዳ ሙቀት ሽቅብ ወጣ። ማስጠንቀቂያው ሲጮኽ ሁለተኛው ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወረደ፤ ሽታው ግን ቀድሞት ነበር፣ የጋለ ብረት ሽታ። ዘይቱን እስከ ላይ ከፈቱት። አልረዳም። አንዴ ከተያያዘ በኋላ የሚረጨው ዘይት እሳት ላይ እንደሚፈስ ነው። ሞተሩን አቆሙት፤ መርከቡ መሃል ባሕር ላይ ቀጥ አለ። የሚበርድበትን ጊዜ ጠብቀው በሩን ፈቱትና ሁለተኛው ተስቦ ገባ።

«ምን ያሳይሃል?» አሉ ዋናው ከበሩ።

ከውስጥ የባትሪው ብርሃን ብቻ ተንቀሳቀሰ።

«አንተ! ምን ያሳይሃል?»

«ደረቅ ነው።»

«እንዴት ደረቅ?»

«ቀለበቶቹ ከጎድጓዳቸው ተጣብቀዋል። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ታርሷል።»

«ስንት ላይ ነው ዘይቱን ያደረግከው?»

«ባሉኝ ላይ።»

«እኔ ምን አልኩህ?»

«ይበቃል አሉኝ።»

«እኮ! ይበቃል አልኩህ!»

«እኮ! ይበቃል አሉኝ!»

እንዲህ እየተባባሉ ለጥቂት ጊዜ ቆዩ፤ አንዱ ከውስጥ፣ አንዱ ከውጭ፣ በአንዲት ቃል። ሬዲዮ ሊስቅ አፉን ከፈተና የዋናውን ፊት አይቶ ዘጋው። መጀመሪያ የገባቸው ዋናው ናቸው። መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

የአራተኛውን ነዳጅ ዘግተው በአምስቱ እያዘገሙ ወደብ ገቡ። የጫኑት ፍራፍሬ መያዣው ውስጥ በስብሶ ገና ከሩቁ ይሸት ነበር። የፍራፍሬው ባለቤት ጮኸ፤ ቢሮው ደግሞ የሚጮኽበት ሰው ፈለገ። ሦስት ሰዎች ያሉበት ጉባኤ ተቋቋመ። ከሁለቱ አንዱ ጥፋተኛ ከተባለ፣ ሁለተኛው ከሆነ ወንበሩን ያጣል፤ ዋናው ከሆኑ ከዕድሜ ልክ ሥራ በኋላ ተባረው ይወጣሉ። ይህን ሁሉም ያውቅ ነበር።

ቤት ውስጥ ሚስቱ ልብስ እያጣጠፈች ጠበቀችው። አባቷ ታች ተኝተዋል፣ ወይም የተኙ መስለዋል።

«ነገ ምን ልትል ነው?» አለችው።

«የሆነውን።»

«የሆነውማ ቃሉ ነው። ቃሉ ነው ያሳሳታችሁ። እሱን ተናገር፤ ሌላ አትጨምር።»

«ሌላ ምን አለ?»

«ምንም። አትጨምር ነው ያልኩህ።» የሸሚዙን እጅጌ አንዴ አጥፋ መልሳ ዘረጋችው። «አባባ ያለው ስሙ ብቻ ነው። እናቴንም ቀብሯል፣ ጉልበቱንም ጨርሷል። ስሙን ይዞ ይውጣ። አንተ ወጣት ነህ።»

«ወጣት መሆን ጥፋት ሆነ?»

«ጊዜ አለህ ማለቴ ነው። ለኔ ብለህ።»

ለኔ ብለህ ስትል እጇን ጉልበቱ ላይ አድርጋ ነበር። በትዳራቸው ብዙ ነገር የምትለምን ሴት አልነበረችም። እሺ አላት። ግን እሺ ሲል ልቡ ያሰበው ሌላ ነው፤ ነገሩ እዚያ ከደረሰ ሽማግሌው ራሳቸው ይናገራሉ፣ የሰውን ልጅ ገደል አይሰዱም ብሎ ነው።

የጉባኤው ክፍል ረጅም ጠረጴዛ፣ የማይከፈት መስኮትና የሚንቀጠቀጥ ቬንቲሌተር ነበረው። ሰብሳቢው ራሱ የቀድሞ መሐንዲስ ነው። በግራው የኢንሹራንስ ሰው፣ በቀኙ አንዲት የሕግ ባለሙያ ተቀምጠዋል። መጀመሪያ የተጠራው ሬዲዮ ነበር።

«ዋናው በስልክ ምን አሉ?»

«ይበቃል አሉ።»

«የተመለሰላቸውስ?»

«ድምፁ እስከ እኔ ይሰማ ነበር። ይበቃል ብሎ መለሰ።»

«ይበቃል ሲሉ እርስዎ ምን ገባዎት?»

«እኔማ ወሬዬን አቁም ያሉኝ መስሎኝ አቆምኩ።»

የኢንሹራንሱ ሰው ሳቀ። ሰብሳቢው አልሳቀም። «ከስልኩ ጋር አያይዘው ይንገሩን። ይበቃል ማለት ምን ማለት ነው?»

«ጌታዬ፣ እንደ አፉ ነው። ሚስቴ ስትቀዳልኝ ይበቃል ካልኩ ታቆማለች። አሥር እንግዳ ጠርቼ ወጡ ይበቃል ወይ ስላት ይበቃል ካለች ይገቡ ማለት ነው። አልበቃ ብሎም ያውቃል።»

«እኔን ከጠየቃችሁ ይበቃል ማለት አቁም ነው» አለ የኢንሹራንሱ ሰው።

«ሰውየው እኮ ይበቃዋል ብሎ ጠይቋል» አለች የሕግ ባለሙያዋ። «ለጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። አዎ ማለት ነው።»

«ዋናው ጥያቄውን አልሰሙም።»

«እሱ አለመስማታቸውን በምን ይወቅ? ቃሌን መልስልኝ ብለው መልሷል።»

ሰብሳቢው እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አንኳኳ። ጉባኤው ራሱ በአንዲት ቃል ለሁለት ተከፍሎበት ነበር። ሁለተኛው በዚህ ጊዜ ትንሽ ተስፋ አደረገ። ነገሩ የማንም ጥፋት አይደለም ተብሎ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም።

«መልካም» አለ ሰብሳቢው። «ቃሉ ሁለት መንገድ አለው እንበል። ቁጥር ግን አንድ መንገድ ነው ያለው።» ወደ ዋናው ዞረ። «ስክሪኑ ፊትዎ ነበር። የአራተኛው ዘይት ዝቅ ብሎ እስከ ማግሥቱ ታይቷል። አይተውታል?»

ዋናው መሐንዲስ የቀኝ አውራ ጣታቸውን ከሌባ ጣታቸው ጋር ያሻሹ ጀመር፣ ዘይት ሲፈትኑ እንደሚያደርጉት።

«አይቼዋለሁ» አሉ።

«አይተው ምን አደረጉ?»

«ልጁ መልሶ የሚያስተካክለው መሰለኝ። ሥራውን የሚያውቅ ልጅ ነው። ደግሜ አልጠየቅሁም።»

«ያምኑታል ማለት ነው።»

«አምነው ነበር።»

ነበር ያሉትን ሁለተኛው ሰማት። ሰብሳቢው ወደ እሱ ዞረ። «ዋናው ቁጥሩን አይቼዋለሁ ብለዋል። ይህን የሚጠራጠሩበት ምክንያት አለዎት?»

አሁን ነው አለ በልቡ። አሁን ቀና ብለው፣ ተወው እኔ ልንገራቸው፣ ዓይኔ አያይም ይላሉ። ጠበቀ። ሽማግሌው ጣታቸውን እያሹ የሚያሹትን ያያሉ። እሱ ቢናገርስ? ከመቼ ጀምሮ ታውቃለህ ይባላል፤ አውቀህ ለምን ዝም አልክ ይባላል፤ ያም ተገቢ ጥያቄ ነው። ግን ያ ጥያቄ አልነበረም ያሰረው። የሚስቱ እጅ ገና ጉልበቱ ላይ ያለ መሰለው።

«የለኝም» አለ።

ሰብሳቢው ጥቂት ጠበቀው፤ የጠበቀው ነገር እንዳለ ያስታውቅ ነበር። ከዚያ በቃኝ አለ።

ውሳኔው ለመረዳት የሚያስቸግር አልነበረም። ቃሉ አሻሚ ነበር፤ ዋናው በባልደረባቸው መተማመናቸው የሚያስወቅስ አይደለም፤ መቆጣጠሪያው ላይ የነበረው እጅ ግን የሁለተኛው ነው፤ ሲያመነታም ወርዶ ፊት ለፊት መጠየቅ ይገባው ነበር። ወንበሩ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ሁለተኛው ከመርከቡ ወርዶ ወደብ ዳር ባለው ወርክሾፕ ውስጥ ከሌሎች መርከቦች የመጡ የዘይት መርጫዎችን እየፈታ ያጥብ ጀመር። ዋናው መሐንዲስ ግን በአዳራሽ ተሸኙ። አንድ ዳይሬክተር ስለ ታማኝነታቸው ተናገረ፤ ወርቅ የተቀባ መልሕቅ ተሰጣቸውና ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ሚስማሩን የመታው አማቻቸው ነው። «ትንሽ ወደ ግራ» ሲሉት ወደ ግራ አደረገው፤ አልተጣመመም ወይ ሲሏት ልጃቸው «ቀጥ ብሏል» አለቻቸው።

የቀድሞ ባልደረቦች ሊጠይቋቸው ይመጡ ነበር። ሻይ ይቀርባል፣ ወሬው ዞሮ ዞሮ አራተኛው ሲሊንደር ላይ ይደርሳል። ሽማግሌው መጀመሪያ መጀመሪያ «ተሳሳትን» ነበር የሚሉት። ቆየት ብሎ «ቃሉ አሳሳተን» ሆነ። ክረምቱ ሲጋመስ አንድ እንግዳ ፊት፣ አማቻቸው እዚያው ተቀምጦ፣ «ድምፅ በዝቶ ያልኩትን ሳይሰማ ቀረ፤ ወጣት ነው፣ ቸኮለ» አሉ። ውሸት ለመናገር አስበው አይመስልም። ነገር እንደ ብረት ነው፤ ብዙ ከተመላለሱበት ሻካራው ይጠፋል። እንግዳው ሁለተኛውን በአዘኔታ አየው። «አይዞህ፣ ጊዜ አለህ» አለው።

እሑድ ከሰዓት ሚስቱ ሰገነቱ ላይ ልብስ ስታሰጣ ሊያግዛት ወጣ። አንሶላውን በሁለት ጫፍ ይዘው ሲጨምቁ፣

«እኔ የማይገባኝ» አለች፣ «ያን ቀን ለምን ወርደህ አልጠየቅከውም? ደረጃ መውረድ ነው።»

አንሶላውን መጭመቅ አቆመ።

«ማንን ነው የምጠይቀው?»

«አባባን ነዋ።»

«አባትሽ ስክሪን ማንበብ አይችሉም። ከዛሬ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ሆኗቸዋል። ቁጥሩን አይቼዋለሁ ያሉት አላዩትም። እንዲያ ብል ኖሮ ዛሬ ዋና መሐንዲስ ነኝ። ያልነገርኩሽ...»

«አውቃለሁ» አለች።

ውሃው ከአንሶላው እየተንጠባጠበ ሲሚንቶው ላይ ይሄድ ነበር።

«ምኑን ነው የምታውቂው?»

«ዓይኑን። የመድኃኒቱን ወረቀት የማነብለት ማን ይመስልሃል? የፊደል ሰሌዳውንስ ማን ያስጠናው? እኔ ነኝ። ከላይ እስከ ታች፣ እንደ ሕፃን እያስደገምኩት።»

«ለኔ ብለህ ስትዪኝ ታውቂ ነበር?»

«አባቴ እኮ ነው።»

«እኔስ?»

«አንተማ...» አለችና መጨረሻውን ተወችው። ከመንገድ ላይ የልጆች ኳስ ድምፅ ይሰማ ነበር። «አንተ ታልፈዋለህ ብዬ ነው። እሱ ቢነካ ይሞታል። አንተ ግን ጠንካራ ነህ አልኩ። ክፉ አላሰብኩም።»

ክፉ አለማሰቧን አመናት። የከፋውም እሱ ነው። ክፉ ያሰበ ሰው ቢገኝ የሚጠላው ያገኝ ነበር፤ እዚህ ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ ሌላውን ሲያድን ነው የቆየው፣ ሒሳቡ ግን ሁልጊዜ የሚወራረደው በእሱ ነው። የአንሶላውን ጫፍ ሰጥቷት ወረደ።

ከዚያ በኋላ አልተጣሉም። ጠዋት ደህና አደርሽ ይላል፣ ትመልሳለች። ምሳ ላይ ጨው ያቀብላታል። ስለ ራሳቸው በርና ቁልፍ ግን ያነሳ የለም። አንድ ቀን ከወርክሾፕ ሲመለስ ሌላ ኩባንያ፣ ሌላ መርከብ እንደቀጠረው ነገራት። መርከቡ አሮጌ ነው፤ ጉዞውም ረጅም ነው።

«ስንት ጊዜ ትቆያለህ?»

«እስኪመልሱኝ።»

ልብሶቹን እሷ አጣጥፋ ሻንጣው ውስጥ አስተካከለችለት፤ ክዳኑን ሲዘጋ ከላይ ሆና ተጫነችለት። ታች ሲወርድ አማቱ በር ላይ ቆመው ጠበቁት። ሻንጣውን ከእጁ ሊቀበሉት ታገሉ፤ አልሰጣቸውም፣ እጀታውን ግን አብረው ያዙት።

«ደግ አደረግህ» አሉት። «የወርክሾፕ ሰው አይደለህም። ባሕር ነው የሚያምርብህ። በምን ማዕረግ ነው የወሰዱህ?»

«በሦስተኛ።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይዞህ። ምንም አይደል። እኔም የጀመርኩት ከሦስተኛ ነው።»

«እኔም ከሦስተኛ ነበር የጀመርኩት፣ አባባ» አለ። «ከእርስዎ ሥር።»

ሽማግሌው ሳቁ። ሳቃቸው ብቻውን መቅረቱን ሲያውቁ እጀታውን ለቀቁት። ሻንጣው በበሩ አልወጣ ብሎ በጎን ሲያወጣው ግን በሩን ይዘውለት ነበር።